አምስተኛውና ሰባተኛው ክር

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ ለአቶ አስመላሽ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ይህ ደብዳቤ በደህና ጊዜ እጅዎ ይግባ። እኛ፣ እናቴን ጉልበቷ ከሚያማት በቀር፣ ደህና ነን። እሷም፣ እህትዎ ለተገብርኤል፣ ሰላምታዋን ሰፍራ ሰጥታኛለች፤ ሁሉን ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃም። እንደተለመደው የአክስቴ ልጅ ሃበን ናይሮቢ ላይ ፖስታውን ቀይራ ትልክልዎታለች። በቀጥታማ ከአዲስ አበባ አስመራ ወፍ እንጂ ደብዳቤ አይሄድም።

ሰላምታውን እንዳስተማሩኝ አሟልቻለሁ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጠረጴዛውን ነክተውብናል።

ጎረቤቱ «ልብስ መተኮሻ» የሚለው፣ እኛ ግን «ጠረጴዛው» የምንለው፣ በእግሮቹ ቆሞ ክሩ በእጅ እየተመታ ፔዳሉ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ስቲል ጊታርዎ፣ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ፣ ከአንድ ሳጅን ገዝተው በጭነት መኪና ያመጡት፣ አሥሩም ክሩ ተፈትቶ በሌላ ሰው እጅ ተቃኝቷል። ኤርትራዊ ነዎት ብለው ከዚህ ቤት በወሰዱዎት በ1990 ክረምት፣ ፖሊሱ «ሻንጣዎን ያዘጋጁ» ሲልዎ እርስዎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው መቃኘት ጀመሩ። «ምን እየሠሩ ነው አባት?» ሲልዎ «ምድጃ እያጠፋሁ» አሉት። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ያን ቅኝት ጠብቄው ነበር። አንድ ክር ሲበጠስ ዘጠኙን እየሰማሁ አሥረኛውን በእነሱ እመልሰው ነበር። መጫወቱን እንጂ መቃኘቱን አላስተማሩኝም፤ «ጊዜው ሲደርስ» ይሉኝ ነበር። ጊዜው ሳይደርስ አውቶቡሱ ደረሰ።

ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ባለው ሆቴል የምጫወትበት ባንድ አዲስ መሪ አግኝቷል። ታዲዎስ ይባላል፤ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባለፈው ሳምንት እናቴን ሐኪም ቤት ወስጄ ልምምድ ቀረሁ። ወደ ሆቴሉ ስመለስ አንድ ቴክኒሻን ፒንሳና፣ የክር ቅኝት በመርፌ የሚያሳይ ቱነር ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ አገኘሁት።

«ውለታ ውዬልሻለሁ፤ ማኪያቶ ትጋብዢኛለሽ» አለኝ ታዲዎስ።

«ማን ንካ አለህ?»

«ማለቴ፣ በቃ፣ መተኮሻሽ እንደ ሰው ሆነ። ድሮ ከኪቦርዱ ጋር ይጣላ ነበር እኮ።»

ጠረጴዛው ከዚህ በፊት የነበረበት ጠባሳ በቀኝ ጥጉ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ብቻ ነበሩ፤ ከአስመራ ሲመጣ መኪና ላይ ተመትቶ ነው ያሉኝ። አሁን የክር ማጥበቂያ ቁልፎቹ ሁሉ በፒንሳ ተፋፍቀዋል። ጮኽኩበት። ታዲዎስ ኪቦርዱ ላይ አንዲት ቁጥር ተጫነና የእኔን ጨዋታ የሚመስል ነገር አሰማኝ። «ስቲል ጊታር ይኼው» አለ። «ይቺኛዋ እራት አትበላም።» ባንዱ በሙሉ ሳቀ።

ሁዳዴ ሲገባ ሙዚቃ ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ የሺሃረግ ባንዱን ሰምተው ማን እንደሚቆይ ይወስናሉ። ወይ በታዲዎስ ቱነር እቃኛለሁ፣ ወይ ወንበሬን ያቺ ቁጥር ትወስደዋለች።

አጎቴ፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በማዕረግ ነው የተመረቅሁት፤ ነገሩ በሂሳብ ይገባኛል። አንድ ክር ከአንዱ ጋር ሲስማማ ከሌላው ጋር ይጣላል። ሁሉንም ማስታረቅ አይቻልም። ቱነሩ ጠቡን ለሁሉም እኩል ያካፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክር ትንሽ ትንሽ ይዋሻል። የእርስዎ ክሮች አይዋሹም ነበር። ጠቡን በሙሉ ሰብስበው አንድ ቦታ ደብቀውት ነበር ማለት ነው። የት ነው የደበቁት? ከየትኛው ክር ልጀምር? ሌላ ምንም አልፈልግም።

እጅዎን የምትስም፣
መድኃኒት

✻

አስመራ
በእናንተ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1995

ለውድ የእህቴ ልጅ ለመድኃኒት፣

ጓለይ፣ ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? የእናትሽን ጉልበት እግዚአብሔር ይዳብስልኝ። ጠበሉን አትተይው በያት፤ ኪኒኑንም አትተይው። እኔ ከሁሉ ጋር ደህና ነኝ። አሁንም እብነ በረድ የሚቆርጡበት ቤት ነው የምሠራው። ጄነሬተሩና መጋዙ አጠገቤ ናቸው፤ አቧራው ፀጉሬን ከዕድሜዬ በላይ አሸብቶታል። የቤት ባለቤቴ ደግ ሴት ናት። የአስመራ ብርድ በርትቷል።

በግቢው በር ላይ የነበረችው ኮክ አሁንም ታፈራለች ወይ? ለገሃር ባቡሩ ይገባል ወይስ ቆመ? ፎቶግራፍ ላኪልኝ፤ አንቺና እናትሽ አብራችሁ የተነሣችሁትን። በሰፊው ጻፊልኝ።

ስለ ጠረጴዛው ያልሽውን አይቻለሁ። ልጄ፣ በቱነሩ ቃኚው። ዘመኑ የቱነር ነው። ከሰው አትጣዪ።

እግዚአብሔር በክንፉ ይጋርድሽ።

አጎትሽ አስመላሽ

✻

ካዛንቺስ
ጥር 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንኳን ለጌታ ልደት አደረስዎ። ኮኳ ታፈራለች፤ ልጆች ሳትበስል ይጨርሷታል። ባቡሩ የድሬዳዋውን ጭነት ይዞ አልፎ አልፎ ይገባል። ፎቶው በዚህ ውስጥ አለ፤ እናቴ ነጠላዋን ሦስት ጊዜ ካስተካከለች በኋላ ነው የተነሣነው።

አሁን ልጠይቅዎ። ያን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ነዎት? «በቱነር የሚቃኝ ሰው ሰዓት አይቶ የሚርበው ሰው ነው» ይሉኝ የነበረው ማን ነው? በሳምንት አንድ ቀን በሬዲዮ የሚመጣውን ኦርኬስትራ እየሰሙ «ይኼውልሽ፣ ሁሉም እኩል ዋሹ» ይሉኝ የነበረው ማን ነው? አሁን «ከሰው አትጣዪ» አሉኝ። እኔ አልተጣላሁም። ቤቴን ሰብረው ገብተው ዕቃዬን አስተካከልንልሽ ሲሉኝ እንዴት ብዬ ላመስግን?

በራሴ ሞክሬያለሁ። ከሥራ በፊት በየቀኑ ቁጭ ብዬ አንዱን ሳስማማ ሌላው ይሸሻል። አራተኛውን ከስድስተኛው ሳስታርቅ ሰባተኛው ይቆጣል፤ ሰባተኛውን ሳባብል ፔዳሉን ስረግጥ ሌላ ይነሣል። የባንዳችን ባስ ጊታር ተጫዋች ገበያው ከጎኔ ተቀምጦ ሲያይ ውሎ «አንቺ፣ ይኼ የባልና ሚስት ሽምግልና ነው እንዴ? ተዪያቸው፣ ይፋቱ» አለኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ፊት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም ነው አልኩት።

የደበቁበትን ቦታ ላገኘው አልቻልኩም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ሃበን ናይሮቢ ላይ ሁለት ስልክ የሚያገኝላት ሰው አላት። በአንዱ ለእርስዎ፣ በአንዱ ለእኔ ትደውልና ሁለቱን እጀታ አፍና ጆሮ አገጣጥማ ትይዛቸዋለች። ብዙ ሰው እንዲህ እየተነጋገረ ነው። እኔ ክሮቹን በአፌ አዜምልዎታለሁ፤ እርስዎ «ከፍ» «ዝቅ» ይሉኛል። ሌላ ቃል አያስፈልገንም። እባክዎን እሺ ይበሉ።

መድኃኒት

✻

ካዛንቺስ
የካቲት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አስመላሽ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ እጽፋለሁ፤ ትናንት ከተነጋገርን በኋላ መጠበቅ አልቻልኩም። ተነጋገርን ማለት ከተቻለ።

ሃበን በቀጠረችልን ቀን፣ ለገሃር ካለው የስልክ ቤት ከጠዋት ጀምሬ ወረፋ ይዤ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ እጀታውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ከዚያ ምን ሆነ? «አጎቴ፣ አራተኛው ይኼ ነው» ብዬ አዜምኩ። «እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት፣ ከፍ ነው ዝቅ?» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ደህና ነኝ» አሉ። ደግሜ አዜምኩ። «ኮኳስ?» አሉኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ «እህት፣ ዘፈን ልታስመርጪ ነው የመጣሽው?» አለኝ። በመጨረሻ ሆን ብዬ ስድስተኛውን አጣምሜ፣ ሕፃን እንኳ ጆሮውን የሚይዝበትን ድምፅ አወጣሁልዎ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ጓለይ» ብለው ዘጉ።

ምን በደልኩዎ? ሊያስተምሩኝ ካልፈለጉ አልፈልግም ይበሉኝ። እንደ ሕፃን አያታልሉኝ። ታዲዎስ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የሰደበኝ።

የሁዳዴ ቅበላ ቀርቧል። ጾሙ ካለቀ እኔም አለቀልኝ። ባንዱ ውስጥ ስገባ ሁሉም ወደየመሣሪያው ይዞራል፤ ዘፋኛችን ፀሎት ብቻ «አይዞሽ» ትለኛለች፣ እሷም በጆሮዬ ነው። ጠረጴዛውን ስከፍተው የሞተ ሰው ሳጥን የምከፍት ይመስለኛል። የእርስዎን የመጨረሻ ሥራ አፍርሰውብኛል፤ እርስዎ ደግሞ የት እንደነበረ እንኳ አልነግርሽም አሉኝ።

የእህትዎ ልጅ
መድኃኒት

✻

አስመራ
በእናንተ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1995

ለውድ ልጄ ለመድኃኒት፣

እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። በስልክ ስላገናኘን አምላክ ይክበር። ድምፅሽ እንዴት ደስ አለኝ፤ ልክ የእናትሽን ሆኗል። ያዜምሽልኝም መልካም ነበር፣ እንዲሁ ቀጥዪበት።

ፎቶግራፉን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። ከመስኮቴ የማርያም ደወል ይታየኛል። ዛሬ ገመዱን ሲጎትቱት፣ ደወሉ ሲወዛወዝ፣ እርግቦቹም ሲነሡ አየሁና ቅዳሴ መግባቱን አወቅሁ። ዓይኔ አሁንም ይሠራል፤ ተመስገን።

ጓለይ፣ ስለ ጠረጴዛው ሳስብ ቆየሁ። ሽጪው። ለእናትሽ ጉልበት ይሁን። ፈላጊ ከጠፋ ለሆቴሉ ስጪው። እንጨትና ብረት ነው። ስለ እሱ ዳግመኛ አትጻፊልኝ፤ ልቤን ያደክመዋል።

አጎትሽ አስመላሽ

✻

ካዛንቺስ
መጋቢት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሃበንም ደውዬ ጠየቅኋት። እሷም ብትሆን ስትደውልልዎ የምትጠይቀው ሌላ፣ የሚመልሱላት ሌላ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እርጅና ነው ብላ ነበር።

ደወሉን አየሁት እንጂ ሰማሁት አላሉም።

ይሰማዎታል?

መድኃኒት

✻

አስመራ
በእናንተ አቆጣጠር ሚያዝያ 1 ቀን 1995

ልጄ መድኃኒት፣

አይሰማኝም።

ቀኙ ጨርሶ ጠፍቷል። በግራው መጋዙ ሲነሣ ብቻ፣ ድምፅ ሳይሆን እንደ ንፋስ ያለ ነገር ይመጣል። በዚያ ቀን የስልኩን እጀታ ጆሮዬ ላይ ይዤ ትንፋሽሽ ይመጣ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነበር። ያልኩሽን ሁሉ ከቤት አጥንቼ ነው የመጣሁት፤ ተራው መቼ እንደሚደርሰኝ አላውቅም ነበር። ለእናትሽ አትንገሪያት። የመጋዙ ሥራ ነው ያመጣብኝ።

ለምን በቱነር ቃኚው እንዳልኩሽ አሁን ገብቶሻል። ደንቆሮ ሰው ስለ ቅኝት ምን ይመክራል ብዬ ነው። ግን እንዲህ ከጠየቅሽኝ ጆሮ የማይፈልገውን ልንገርሽ። ሁለት ክር ሲጣላ ድምፁ ይርገበገባል። ለስምምነት ሲቀርብ መርገብገቡ ይዘገያል፤ ሲታረቅ ቀጥ ይላል። ይህን አጥንት ከጆሮ ይበልጥ ያውቀዋል። የጠረጴዛውን ቀኝ ጥግ ንከሺ። አዎ፣ በጥርስሽ። ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚው። ከዚያ ሁለት ሁለት ክር እየመታሽ ቃኚ።

ከአራተኛው ጀምሪ። ስምንተኛውን ከእሱ ጋር አስታርቂ። ቀጥሎ አምስተኛውን፣ ከአምስተኛው አሥረኛውን። ስድስተኛውን ከአራተኛው ጋር ቀጥ እስኪል ድረስ አውርጂው፤ ቱነሩ ዝቅ ብሏል ይልሻል፣ አትስሚው። ሦስተኛውን ከስድስተኛው። ሰባተኛውን ከአምስተኛው፣ አንደኛውን ከሰባተኛው። የቀሩት ሁለተኛውና ዘጠነኛው መሸጋገሪያ ብቻ ናቸው፤ አንቺ እንደወደድሽው። ከዚያ የመጀመሪያውን ፔዳል ረግጠሽ፣ ከፍ ያለውን አምስተኛ ከአራተኛው ጋር አስታርቂ፤ ይህ በቁልፉ ሳይሆን በፔዳሉ ብሎን ነው።

አሁን የጠየቅሽኝ ቦታ ላይ ደረስሽ። ፔዳሉ እንደተረገጠ አምስተኛውና ሰባተኛው አብረው ቢመቱ ይጣላሉ። ክፉኛ። ጠቡን የሰበሰብኩት እዚያ ነው። ለማስታረቅ አትሞክሪ፤ ከሞከርሽ ሁሉም ይፈርሳል። ተዪው። ዘፈኑ ወደዚያ ከወሰደሽ አንዱን ምቺ፣ አንዱን አቆዪ። አብረሽ ካልመታሻቸው ማንም አያውቅም። ሃያ ምናምን ዓመት አዲስ አበባ ስጫወት ማንም አላወቀም።

እግዚአብሔር ጣትሽን ይባርክ።

አጎትሽ

✻

ካዛንቺስ
ሚያዝያ 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ፣ ለአንድ አጎቴ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። እናቴ ፈስካለች፤ ስለ ጆሮዎ አልነገርኳትም። እንደምታውቅ ግን ከታች ይደርሱበታል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሰሙነ ሕማማት ነው። ክር መምታት የማይገባበት ሳምንት ስለሆነ ትእዛዝዎን በቃሌ አጠናሁት። የፋሲካ ማግስት ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ፣ ለጾሙ ወደ ቤት ባመጣሁት ጠረጴዛ ላይ አጎነበስኩና ቀኝ ጥጉን ነከስኩ።

አጎቴ፣ ጥርሴ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ቀና ብዬ አየሁት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «መኪና ላይ ተመትቶ ነው» ያሉኝ ጉድጓዶች ናቸው። መደዳ ናቸው፣ ከላይ ከታች፣ ልክ እንደ ጥርስ። መኪና እንዲህ አይመታም። ደግሞ ቫርኒሹ ከላያቸው አልፏል። ያን ቫርኒሽ አብረን የቀባነው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ «ጥጉን ደጋግመሽ ቀቢው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ጆሮዎን የወሰደው የእብነ በረዱ መጋዝ አይደለም። ጆሮዎ መጥፋት የጀመረው እዚህ፣ ከእኛ ጋር ሳሉ ነው። «ጊዜው ሲደርስ» እያሉ ከመቃኛው ያራቁኝ ሲነክሱ እንዳላይ ነው። በሬዲዮ «ሁሉም እኩል ዋሹ» ሲሉኝ ምን ያህሉን ሰምተው ነበር? ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ «ምን እየሠሩ ነው?» ሲልዎ ራስዎን ጥጉ ላይ ደፍተው ነበር። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር። እየነከሱ ነበር።

ተናደድኩ። አምስት ዓመት «የአጎቴ ጆሮ» እያልኩ ከሰው ስጣላ የኖርኩት ለሌለ ጆሮ ነው። ከዚያ ጥጡን ጠበቅ አድርጌ ተመለስኩና ነከስኩ። ጥርሴ ከጥርስዎ ጎን ጎን ተቀመጠ። አራተኛውና ስምንተኛው መንጋጋዬ ውስጥ ተርገበገቡ፣ ዘገዩ፣ ቀጥ አሉ። ስድስተኛው ሲወርድ የራስ ቅሌ ሙሉ ጸጥ አለ። እናቴ ገብታ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችም። ጥርስ ስለሌላት አገጯን ጥጉ ላይ አስደገፈችና «ምቺው» በሚል እጇን አወዛወዘች። መታሁ። እንዲያ ሆና ቆየችና «ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚሰማው?» አለች። እሷም ለካ ታውቅ ነበር። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለመደበቅ ነው የሚደክመው።

አሁን ስለ ሆቴሉ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ከፊት ተቀመጡ። ታዲዎስ ከመጀመራችን በፊት ቱነሩን በእያንዳንዱ ክሬ ላይ ያዘው። «ስድስተኛ ዝቅ። ሦስተኛ ዝቅ። እዩልኝ እትዬ፣ መርፌው ራሱ ይመስክር።»

«ልክ ነው፣ ዝቅ ብሏል» አልኩ። «ኪቦርድህም ወደ እኔ መውረድ ይችላል። መመሪያው ላይ አለ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይስተካከላል። አንብበኸዋል?»

«ማን ያንን ሁሉ ያነባል?»

«እኔ። አንተ መተኮሻዬን ስትፈታ እኔ የአንተን ሳጥን ሳነብ ነበር።»

ወይዘሮ የሺሃረግ «አንተ ኪቦርዱን ለጊዜው ዝጋው። እናንተ ሦስታችሁ አሰሙኝ» አሉ። ፀሎት ትዝታ ጀመረች፤ ገበያው በባሱ ተከተላት፤ እኔም የማንሸራትታትን ብረት ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ። ክሮቹ አልዋሹም። አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ የሺሃረግ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንበሬ ተመልሶልኝ ነበር፣ አጎቴ። ማድረግ የነበረብኝ አንዱን መምታት፣ አንዱን ማቆየት ብቻ ነበር።

በመጨረሻው አንጓ ዘፈኑ ወደዚያ ወሰደኝ። ፔዳሉን ረገጥኩ። አምስተኛውንና ሰባተኛውን አብሬ መታሁና ያዝኳቸው።

እንዲህ ያለ ጩኸት በሕይወቴ አልሰማሁም። ሁለት ሰዎች አጥር ለአጥር ሆነው የሚጠራሩ፣ የማይገናኙ። ፀሎት ዞራ አየችኝ። እኔ አልለቀቅሁም፤ ራሱ እስኪሞት ድረስ ያዝኩት።

ወይዘሮ የሺሃረግ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንቺ ልጅ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ያስበላል። የመጨረሻው ግን ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሰው እራት እየበላ ይህን አይችለውም። እሷን ብትተያት ወንበሩ የአንቺ ነው። ትተያታለሽ?»

ታዲዎስ አየኝ። ገበያው በዓይኑ «እሺ በይ» አለኝ። የእናቴን ጉልበት አሰብኩ። «እሺ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሁላችንም የምንኖረው እንዲህ መሆኑ ታየኝ፤ አንዱን እየመታን፣ አንዱን እያቆየን፣ ማንም እንዳያውቅብን። እርስዎ ጆሮዎን፣ እናቴ ማወቋን፣ እኔ ደብዳቤውን በናይሮቢ እያዞርኩ።

«አልተዋትም እትዬ» አልኩ።

ታዲዎስ ቁጥሯን ተጫነ። ፀሎት «ለእሷም እራት እዘዝላት እንጂ፣ አዲስ ሠራተኛ ናት» አለችው። ገበያው የጠረጴዛውን እግሮች ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቤት አደረሰኝ። መንገድ ላይ «እብድ ነሽ» አለኝ። ኮኳ ሥር ስንደርስ ደግሞ «ያንን ነገር እንደገና ትመቺልኛለሽ?» አለ። ከዚያ ወዲህ እሱና ፀሎት ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ። ምን እንደምንሆን አላውቅም። በምን እንደምንኖር አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የምናገረው።

ጠረጴዛውን አልሸጥም። በቱነርም አይቃኝም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያገኙት ሽቦ አምስተኛው ክር ነው። ጠረጴዛው ላይ በቦታው አዲስ አስሬያለሁ፤ ይህ ግን ያን ቀን የመታሁት ራሱ ነው። አንዱን ጫፍ በበርዎ ሚስማር ላይ ይሰሩት። ሌላውን ጫፍ በጥርስዎ ይያዙና ወደ ኋላ ተስበው ይወጥሩት። በጣትዎ ይምቱት። ሰባተኛውን ግን አልላክሁም።

ሁለቱ የሚጣሉት አብረው ሲመቱ ነው ብለውኛል። አንዱ እርስዎ ጋ ይሁን፣ አንዱ እኔ ጋ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ደወሉ መወዛወዙን ሲያቆም ይምቱት። እኔም እዚህ ሰባተኛውን እመታለሁ።

መድኃኒት